የጅምላ ደብዳቤው በዓል እስኪደርስ ይጠብቃል እንዴ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። የጤና መሥሪያ ቤቶች የጅምላ ደብዳቤያቸውን በዓል ጠብቀው ለምን እንደሚልኩ ግራ ገብቶኛል። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11፣ አስተርእዮ ማርያም ጥር 21። ፖስታ ቤቱ ፋታ የሚያጣው ልክ በዚህ ሰሞን ነው።

በገና ዋዜማ ከባንኮኒው ጀርባ በሲባጎ የታሰረ የፖስታ ክምር አየሁ፤ ሁሉም ከአንድ ጤና መሥሪያ ቤት። ሠራተኛዋ በአንድ በኩል ማኅተም ትመታለች፣ በሌላ በኩል ጥቅል ሊወስድ የተሰለፈውን ሰው ታስተናግዳለች። እንደኛ ባለ ከተማ ፖስታ የሚደርሰው በሳጥን ነው። እያንዳንዱ ቁጥሩ ታይቶ ይከተታል፤ ያውም በእጅ።

መልእክቱ አያስፈልግም አላልኩም። ግን የገጠሩ ሰው ስለ ጤና መድንም ሆነ ስለ ክትባት የሚሰማው ቤት ለቤት ከምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው፤ የፖስታ ሳጥን ከየት አምጥቶ! ለየተቋሙ የሚላከውስ ኅዳር ላይ ቢወጣ ምን ይጎድላል? አስቸኳይ ከሆነ ስልክ አለ። ይህም ካልሆነ ለበዓሉ ሰሞን ተጨማሪ ሰው ይመደብ፤ የሠራተኞቹ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ሳይጓተት ይከፈል።

አንድ የፖስታ ሳጥን ደንበኛ፣ ደብረ ማርቆስ