ለወሎ ከተሞች ትንሽ አውሮፕላን ይመደብ፦ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ ሰቆጣን፣ ላሊበላን፣ ኮምቦልቻንና መካነ ሰላምን በአነስተኛ አየር መንገድ ስለማገናኘት

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬን እያቀረብኩ የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው። ከ9 እስከ 19 መቀመጫ ባላቸው አውሮፕላኖች የሚሠራ አነስተኛ የግል አየር መንገድ የወሎን ከተሞች እርስ በርስ የሚያገናኝ መደበኛ መስመር ይሰጠው፤ መስመሩ ወጪውን እስኪሸፍን ድረስም መንግሥት ይደግፈው።

ዛሬ አንድ የደሴ ሰው በአየር ወደ ላሊበላ ልሂድ ቢል ሐረጎን ወርዶ ከኮምቦልቻ መጀመሪያ አዲስ አበባ መሄድ አለበት፤ ከዚያ እንደገና ወደ ሰሜን ይበራል። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ወሎ ውስጥ ናቸው። በመኪና ካሰበው ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ጋሸናን አልፎ ሌላ ዳገትና ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ሰቆጣና መካነ ሰላም ግን መደበኛ የመንገደኛ በረራ ጭራሽ የላቸውም። መንገድ ሲዘጋ፣ ባለፉት ዓመታት ደግሞ ስንቴ እንደተዘጋ ታውቃላችሁ፣ ሰው ባለበት ይቀራል።

ማለዳ ደሴ ሆስፒታል በር ላይ የቆመ ሰው የምለውን ያየዋል። ሰቆጣ ካለችበት ከዋግ የመጡ አስታማሚዎች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ሪፈር የተጻፈበት ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ በእጃቸው ነው። ሕመምተኛው ከሰቆጣ ሲነሳ የነበረው አቅምና እዚህ ሲደርስ ያለው አቅም አንድ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በኮረኮንች ሲንገላታ ነው የመጣው። እዚህም አይቻልም ተብሎ ወደ አዲስ አበባ ከተላከ ሌላ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፊቱ አለ። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የገባውን ቃል በሰቆጣ ስም ጠርቶታል። ያ ቃል የባለሙያና የመድኃኒት በቶሎ መድረስን ይጠይቃል፤ ለእናቶቹ ደግሞ ወደ ሐኪም የሚያደርስ መንገድ ያስፈልጋቸዋል።

አየር መንገዳችን የሁላችንም ኩራት ነው፤ ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም። በአገር ውስጥ በረራ ግን የሆነውን ልብ በሉልኝ። ዲሲ-3 የተባለው የድሮ አውሮፕላን ሣር ሜዳ ላይ ያርፍ ነበር። ኋላ የመጣው ትዊን ኦተር 19 ሰው ጭኖ አጭር ኮረኮንች ሜዳ ይበቃው ነበር። ከዚያ 50 መቀመጫ ያለው ፎከር መጣ፣ ቀጥሎ ከ70 በላይ የሚይዘው ኪው 400። አውሮፕላኑ ባደገ ቁጥር የሚያርፍበትም ሜዳ ማደግ፣ የሚሳፈረውም ሰው መብዛት ነበረበት። ማንም በክፋት አልተዋቸውም፤ ትንንሾቹ ከተሞች ከሂሳቡ ወጡ።

ሂሳቡ ይህ ነው። ከሰቆጣ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ 15 መንገደኛ ቢገኝ ኪው 400 ላይ አብዛኛው ወንበር ባዶ ይሆናል፤ በረራው ከስሮ ይቋረጣል። እነዚያው 15 ሰዎች ትዊን ኦተር ላይ ቢሳፈሩ ግን አውሮፕላኑ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። በሩ ራሱ ደረጃ አለው፤ ተርሚናሉም አንድ ክፍልና አንድ ሚዛን ይበቃዋል። ጠዋት ሄዶ ከሰዓት ይመለሳል፤ ነጋዴውም ባለጉዳዩም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ከፍታው ግን መዘንጋት የለበትም። የኮምቦልቻም የላሊበላም ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተርም ክንፍም ጉልበታቸው ይቀንሳል፣ ጭነትም ይቀነሳል። ካራቫን የተባለው ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ዋጋው ይቀላል፤ ለወሎ ተራራና ለክረምት ደመናው ግን እኔ ባለ ሁለት ሞተሩን እመርጣለሁ።

ይህ በሌላ አገር የተሠራበት ነገር ነው። በስኮትላንድ ሎጋንኤር የተባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ እየሠራ ነው፤ 8 መንገደኛ በሚይዙ አውሮፕላኖቹ የኦርክኒ ደሴቶችን መምህርና ሐኪም ያመላልሳል፣ መስመሩንም የሕዝብ ገንዘብ ይደግፈዋል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ኡዳን የተባለውን መርሐ ግብር ስትጀምር ለአንድ ሰዓት ያህል በረራ የግማሹን ወንበር ዋጋ በ2,500 ሩፒ ወሰነች። መስመሮቹን በጨረታ ሰጠች፣ የጎደለውንም ለአየር መንገዶቹ ሞላች። ለእኛም የሚስማማው ድጎማው ለመስመሩ እንጂ ለአንድ ለተመረጠ ድርጅት ያልሆነበት አሠራር ነው።

በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 769/2004 ከ50 መቀመጫ በላይ የሆነውን የመንገደኛ አየር ትራንስፖርት ለመንግሥት ብቻ ትቶት ነበር፤ ከዚያ በታች ያለው ያኔም ለግል ክፍት ነበር። ታዲያ አብዛኞቹ የግል ድርጅቶች ለምን ቻርተር (በኪራይ የሚደረግ በረራ) ላይ ቀሩ? አንዱ ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ኪራዩም መለዋወጫውም በዶላር ነው፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በብር ሲሰላ እጅግ ከብዷል። ሁለተኛው የእናንተን ውሳኔ የሚጠይቅ ነው። ኤርፖርቶቹ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሥር ናቸው። ስለዚህ አንድ ትንሽ አየር መንገድ ኮምቦልቻ ላይ የማረፊያና የአገልግሎት ክፍያ የሚከፍለው ለተወዳዳሪው ነው። ክፍያውን የሚወስነው ሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ባለሥልጣን መሥሪያ ቤታችሁ፣ መሆን አለበት፤ በእነዚህ መስመሮች ላይም ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢነሳ ፍትሐዊ ነው።

ስለዚህ የሰቆጣ፣ ላሊበላ፣ ኮምቦልቻ መስመር ለሙከራ የሕዝብ አገልግሎት መስመር ተብሎ ይታወጅ፣ በግልጽ ጨረታም ይውጣ። በየበረራው የተወሰነ ወንበር ሪፈር ለተጻፈለት ሕመምተኛና ለአስታማሚው በቅናሽ ይያዝ። መካነ ሰላም በሁለተኛው ዙር ይግባ፤ መካነ ሰላም ያለችበት የወሎ ቦረና ሰው ደሴ ለመድረስ የሚያየውን ፍዳ ለማወቅ በክረምት አንዴ መሄድ ይበቃል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰቆጣ ላይ 19 መቀመጫ ያለው አውሮፕላን ለማሳረፍ ምን እንደሚያስፈልግ የሚያጠና ቡድን እንድትልኩና ያገኘውን ለሕዝብ ይፋ እንድታደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ