ታህቱን ሳታይ አታጣፊ

ልጄ፣ አሰላሙ ዐለይኪ። እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የባቲ ሙቀት ግን ዘንድሮ ጨርሶናል።

አክስትሽ ደውላ ነበር። ሒሳብ ከ20 4 አምጥተሽ ወረቀቱን ፍራሽ ስር ደብቀሻል አሉ። ለምን? የ11ኛ ክፍል ራሽናል ፈንክሽን፣ ያ ላይና ታች ኤክስ ያለበት ክፍልፋይ፣ ስንቱን አስለቅሷል። አብሽሪ። ፎቶውን ልካልኝ አይቼዋለሁ። ችኮላሽ ነው የጎዳሽ።

ላዩ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9፣ ታቹ፣ ማለት ታህቱ፣ ኤክስ ሲቀነስ 3። ላዩን ፋክተር አድርገሽ፣ ከታቹ ጋር አጣፍተሽ፣ ኤክስ ሲደመር 3 አስቀረሽ። ጎበዝ! ከዚያ 3ን ተክተሽ 6 አልሽ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። 3 ሲገባ ታህቱ ዜሮ ይሆናል። በዜሮ ደግሞ አይካፈልም፤ ስለዚህ መልስ የለውም። ብታጣፊውም ክልከላው አብሮ አይጠፋም። ታህቱን ሳታይ አታጣፊ!

ቀጥሎ ነጌቲቭ 2ን ስትተኪ ቅንፍ ረሳሽ። ነጌቲቭ 2 በራሱ ሲባዛ 4 ነው። አንቺ ነጌቲቭ 4 ብለሽ 13 ሲካፈል ለ5 አወጣሽ። መልሱ 1 ነው። በሁለቱም ሞክሪው፦ ባልተቃለለው ነጌቲቭ 5 ሲካፈል ለነጌቲቭ 5፣ በተቃለለው ነጌቲቭ 2 ሲደመር 3። ካልተገናኙልሽ አንድ ቦታ ተሳስተሻል።

ወንድምሽም ችኩል ነበር። አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ አታስታውሺም። አንድ ማታ እንዲሁ 6 ብሎ ሲያመጣልኝ ደብተሩን ቀደድኩበት። ያውም እንግዳ ፊት። እናትሽ በዱቄት ሙጫ ለጠፈችው፤ እሱ ግን ተመልሶ አልከፈተውም። በዓመቱ ጂዳ ሄደ። ደብተሩ እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ። በቀደም ገልጬ ሳየው ሥራው ሁሉ ልክ ነው፤ የጎደለችው አንዲት መስመር ናት፦ ኤክስ 3 መሆን አይችልም። እኔ መምህር ተብዬው እርሳስ አንስቼ ብጽፍለት ምን ነበረበት? ሲደውል ስለ ዝናቡ፣ ስለ ብሩ እናወራለን። ደብተሩን አንስቼበት አላውቅም።

ታህቱን እይ አልኩሽ፣ አይደል?

ሰኞ ከገበያ በርበሬና በሶ በሹፌሩ ልኬልሻለሁ፤ መናኸሪያ ወርደሽ ተቀበይ። የደሴ ብርድ አይቻልም፣ ጋቢውን ደርቢ። ማታ ስልክ አትነካኪ፤ አክስትሽን በሥራ አግዣት።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ወረቀቱን ከፍራሹ ስር አውጥተሽ ጠብቂኝ። እንዳትቀጂው።

አባትሽ