እማዬ፣ ሰንበቴ ላይ ስለሰማሽው ወሬ

እማዬዋ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ትምህርቱም እየሄደልኝ ነው።

ልጅሽ ህንድ ሄዳ ጣዖት አመለከች ብለው ነገሩሽ አሉ። ፎቶው የእኔው ነው፤ ወሬው ግን ቅመም በዝቶበታል። ከኋላዬ ያለው ትልቅ ጥቁር ፊት አዲዮጊ ይባላል። ሂንዱዎች የዮጋ መጀመሪያ የሚሉት አምላካቸው ሺቫ ነው። ቁመቱ 34 ሜትር ገደማ ነው፣ ከብረት የተሠራ። በ2017 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞዲ ራሳቸው መጥተው መረቁት (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። የሚገኘው እኔ ከምማርባት ከኮይምባቶር ወጣ ብሎ፣ ቬሊያንጊሪ ተራሮች ሥር ነው። እዚህ ያለ ተማሪ ሳያየው አይመረቅም።

ቦታው ኢሻ የሚባል የዮጋ ድርጅት ነው። በ1992 ያቋቋመው ጃጊ ቫሱዴቭ ነው፤ ሁሉም ሳድጉሩ ይለዋል። ነጭ ጺም፣ ጥምጥም፣ ጨዋታ አዋቂ። ሞተር ሳይክል ነፍሱ ነው። በ2022 አፈራችንን እናድን እያለ ከለንደን እስከ ህንድ በሞተር መጥቷል።

ምግቡን ብታዪው ትወጂው ነበር። ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ። በቀን ሁለቴ ብቻ ነው፣ ረፋድና ማታ። ሰዉ መሬት ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል። በጎ ፈቃደኞች ወጡን በባልዲ ይዘው እየዞሩ ይጨልፉልሻል። ልክ የእኛ ድግስ! ልዩነቱ ማንም ትንፍሽ አይልም። አንቺና እትዬ እንዴት እንደምትችሉት እንጃ።

ዋናው ነገራቸው ሻምባቪ የሚሉት የትንፋሽና የተመስጦ ልምምድ ነው። 21 ደቂቃ ይፈጃል። ኮርሱ በክፍያ ነው፤ የተማረ ሰውም ለሌላ እንዳያስተምር ይነገረዋል። እኔ አልተማርኩትም። ፈተና ሲደርስ ግን ቁጭ ብዬ ቀስ እያልኩ እተነፍሳለሁ፣ እንቅልፍ ይወስደኛል። ጸሎቴንም አልተውኩም።

እኔን የከነከነኝ ሐውልቱ አይደለም። እዚያ ምንም ብትጠይቂ መልሱ «ሳድጉሩ እንዲህ ብሏል» ነው። ኢንጂነሩም፣ ሐኪሙም እንደዚያው። ስንት የተማረ ሰው!

አንድ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር አሉ። ሁለት ሴት ልጆቻቸው እዚያ መነኑ። አባት፣ ልጆቼን አእምሯቸውን አጥበው ያዙብኝ ብለው ከሰሱ። በ2024 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች፣ ሳድጉሩ የራሱን ልጅ ድሮ የሰው ልጆችን ለምን ያስመንናል ብለው ጠየቁ። ፖሊስም ግቢው ገባ። ድርጅቱ፣ አግቡም መንኑም አንልም፣ የየሰው ምርጫ ነው አለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ልጆቹ ያኔ 42 እና 39 ዓመታቸው ነበር፤ በፈቃዳችን ነው የምንኖረው አሉ። መዝገቡ ተዘጋ። ልክ ነው እላለሁ፤ የ42 ዓመት ሴት በፖሊስ ቤቷ አትመለስም። አባትየው ግን ከሐሳቤ አልወጡም። ልጆቹን ቀድመው ቁጭ ብለው አናግረዋቸው ይሆን?

ስለዚህ እማዬ፣ ስለ እኔ የሚያስደነግጥ ነገር ስትሰሚ መጀመሪያ ለእኔ ደውይልኝ። አልመነንኩም፣ ጸጉሬም እንዳለ ነው። ደግሞ ትንፋሽ ደም ግፊት ያድናል የሚል ቪዲዮ አይተሽ ኪኒንሽን እንዳታቆሚ፣ አደራ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ወሬውን ያመጣችው ሴትዮ አጠገብሽ ካለች ስልኩን አቀብያት፣ እኔው አስረዳታለሁ።

ልጅሽ