ሳሳልፋት የኖርኩት ዘፈን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተደዋወልን ስድስት ዓመት አለፈን። ሰበብ አልደረድርልህም። የእናትህን ማረፍ የሰማሁት ከተቀበሩ ሁለት ወር ቆይቶ ነው። ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ። ስልኩን አንስቼ ምን እንደምልህ ጠፋኝና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ዓመት ሆነ። ከዚያ በኋላ እፍረቱ ያዘኝ። እናትህ ለእኔም እናቴ ነበሩ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ዘገየሁ፣ ግን እግዚአብሔር ያጽናህ።

ዛሬ እንድጽፍልህ ያደረገኝ አንድ አሮጌ ሸክላ ነው።

እንደምታውቀው ያለሁት ናሽቪል ነው። ይሄን ያህል ዓመት በካንትሪ ሙዚቃ ከተማ ተቀምጬ ካንትሪ አልሰማም ነበር። ባለፈው ወር ከሥራ ስመለስ ያገለገሉ ሸክላዎች የሚሸጡበት ሱቅ ገባሁ። ሳገላብጥ ጄሪ ሊ ሉዊስ የሚል ስም አየሁ። የኛ ጄሪ ሊ፣ ያ የሮክ ኤንድ ሮሉ ፒያኖ መቺ! ሸክላው ግን ሮክ ኤንድ ሮል አልነበረም። በ1968 የወጣ የካንትሪ አልበም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ)። «አናዘር ፕሌስ፣ አናዘር ታይም» ይላል። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጊዜ። እዚያው ቆሜ አንተ ትዝ አልከኝ።

ኮልፌ ያለችውን የጓሮ ክፍላችሁን ታስታውሳለህ? አንተ የካንትሪዎቹን ዶን ዊሊያምስንና ኬኒ ሮጀርስን ትሰማለህ። እኔ «የሽማግሌ ዘፈን» እያልኩ ካሴትህን አወጣና የጄሪ ሊን እከታለሁ። እናትህ ለቡና ሊጠሩን ብቅ ሲሉ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ፒያኖውን ሊሰብረው ነው!» ይሉ ነበር። ደስ እያላቸው ነበር የሚሉት። አሁንም ድምፃቸው ይሰማኛል።

በዚያ ካሴት ላይ «ግሬት ቦልስ ኦፍ ፋየር» እንዳለቀ አንዲት ቀርፋፋ ዘፈን ትመጣለች። «ዩ ዊን አጌን»። እሷ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ አሳልፋት ነበር። አንተ ደግሞ «ተዋት እስቲ፣ ተዋት» ትለኝ ነበር። አንድም ቀን ሰምቼህ አላውቅም።

ያቺ ዘፈን የሃንክ ዊሊያምስ ናት። የካንትሪው ንጉሥ የሃንክ። ጄሪ ሊ በ1957 «ግሬት ቦልስ ኦፍ ፋየር»ን ሲያወጣ በነጠላው ሸክላ ጀርባ ያስቀመጠው እሷን ነው። ከፊት እሳቱ፣ ከኋላ እንባው። ከዚያም በፊት፣ በ1956 ሜምፊስ ውስጥ በሰን ሬከርድስ ያወጣት የመጀመሪያ ሸክላው «ክሬዚ አርምስ» የካንትሪ ዘፈን ነበረች። እኔና አንተ ካንትሪ ይሻላል ሮክ ይሻላል ብለን ስንት ማታ ተጨቃጨቅን! ሰውየው ሁለቱንም ከመጀመሪያው አንድ ላይ ይዟቸው ነበር። አንተ ይሄን በጆሮህ ብቻ አውቀኸዋል።

ታሪኩን ባጭሩ ላውጋህ። በሉዊዚያና ፌሪዴይ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው የተወለደው፣ በ1935። አባቱ ለልጁ ፒያኖ ለመግዛት እርሻውን አስይዞ ተበድሯል። በ1957 ልጁን በአንድ ዓመት ውስጥ ዓለም አወቀው። በ1958 ለንደን ሲገባ ግን ጋዜጠኞች ያገባት ልጅ የ13 ዓመት ታዳጊ መሆኗን አወቁ። የሥጋ ዘመዱም ናት፣ የአክስቱ ልጅ ልጅ። በዚህ ላይ ምንም ማለባበስ አልፈልግም። ልጅ ነበረች። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፣ እሱን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴን ያመኛል። የእንግሊዝ ጉዞው ከሦስት ዝግጅት በኋላ ተሰረዘ። አገሩ ሲመለስም ሬዲዮ ዘጋው። ለአንድ ምሽት 10,000 ዶላር ይከፈለው የነበረ ሰው 250 ዶላር ወደሚከፈልበት መጠጥ ቤት ወረደ። እንዲህ ሆኖ አሥር ዓመት ቆየ።

በ1968 መጀመሪያ ከሸክላ አሳታሚው ከስማሽ ኩባንያ ጋር የነበረው ውል ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ያወጣቸው ሸክላዎች አልተሸጡም። የኩባንያው ሰው ኤዲ ኪልሮይ «ለምን ቀጥ ያለ ካንትሪ አትሠራም?» አለው። ናሽቪል መጣ። አዘጋጁ ጄሪ ኬነዲ ቫዮሊንና ስቲል ጊታር አምጥቶ ከጎኑ አስቀመጠለት። በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ውስጥ በኦቴሎ የሮክ ሙዚቃዊ ድራማ ተንኮለኛውን ኢያጎን ሆኖ ይጫወት ነበር። ኦቴሎን በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ለምናውቅ ለእኔና ለአንተ ይሄ ጆሮ የሚያቆም ወሬ ነው። ጄሪ ሊ ኢያጎ! ባየነው ብዬ ተመኘሁ።

እስቲ ስለ ዘፈኑ ልንገርህ። የአልበሙ ስም የሆነችው ዘፈን መጠጥ ቤት ውስጥ ናት። መብራቱ አንድ በአንድ እየጠፋ ነው። ሰውየው ብቻውን ነው። የመጨረሻ ሳንቲሙን ዘፈን በሚያጫውተው ሣጥን፣ ጁክ ቦክሱ ውስጥ ከትቷል። በቃ፣ ሌላ የሚሆን ነገር የለም። ወንበር በእግሩ እየገፋ፣ በተረከዙ ፒያኖ እየመታ የምናውቀው ሰው እዚህ ጣቱን ሰብስቦ ይጫወታል። ፒያኖው ጣልቃ ሲገባ አንድ ሁለት ቃል ብሎ ዝም ነው። ድምፁ ግን ያው ነው። አይለምንም፣ አያለቅስም፣ ራሱን ቀና አድርጎ ነው የሚያዝነው። ስቲል ጊታሩ ከኋላ ሲንሸራተት ማሲንቆ መሰለኝ። ይሄ ትዝታ ነው አልኩ። እውነት ትዝታ ነው። ልክ እኛ ጋ እንደሚባለው፣ የሄደውን ሰው ስሙን ሳይጠሩ መጥራት።

ሌላዋ ስለ ሚልዋኪ የምትለው ናት። ሚልዋኪ የቢራ ፋብሪካዎች ከተማ ናት። ከተማዋን ያስጠራው ቢራ እኔን ግን ከሰው በታች አደረገኝ ይላል። እሷን ግሌን ሰተን ነው የጻፈለት። የመጀመሪያዋ በካንትሪ ሠንጠረዥ 4ኛ፣ የሚልዋኪዋ 2ኛ ወጣች። በ1969 መጀመሪያ ደግሞ ሌላ ዘፈኑ 1ኛ ሆነች። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የካንትሪ ዘፋኝ ሆኖ ኖረ።

አንዳንዱ ሰው ገበያ ፈልጎ ነው ይላል። እኔ አልስማማም። ገበያው ጠፍቶበት እንደነበር እውነት ነው። ግን «ዩ ዊን አጌን»ን በ22 ዓመቱ እንደዚያ የዘፈነ ሰው በ32 ዓመቱ ወደ ካንትሪ ሄደ አይባልም። እዚያው ነበር። እኔ ነኝ ስዘለው የኖርኩት።

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ናሽቪል የካንትሪ የክብር አዳራሽ ወዳለበት ሙዚየም ሄድኩ። ክብ አዳራሽ ነው፣ የተመረጡት ሰዎች ምስል በነሐስ ተቀርጾ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እሱን ያስገቡት በ2022 ነው። የሮክ ኤንድ ሮሉ አዳራሽ በ1986፣ ገና ከመጀመሪያዎቹ ጋር አስገብቶት ነበር። ካንትሪ 36 ዓመት አስጠበቀው። በሥነ ሥርዓቱ ቀን ታሞ መምጣት አልቻለም። ዘፋኙ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ተቀብሎለት ሜዳሊያውን ቤቱ ድረስ ወሰደለት። ጄሪ ሊ በዚያው ወር፣ ኦክቶበር 28 ቀን 2022 አረፈ። 87 ዓመቱ ነበር።

ከነሐሱ ፊት ረጅም ሰዓት ቆምኩ። ያ ሜዳሊያ በጊዜ ደርሶለታል፣ በጥቂት ቀንም ቢሆን። እኔ ለእናትህ አልደረስኩም። ይሄንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሸክላውን ለአንተ ብዬ አስቀምጬዋለሁ፣ ሰው ሳገኝ እልክልሃለሁ። ማጫወቻ ከሌለህ ግድ የለም፣ ቀድቼ በስልክ እሰድልሃለሁ። ያ ካሴት አሁንም አንተ ጋ ይኖር ይሆን? ካለ አንዴ ክፈተውና «ዩ ዊን አጌን» ላይ ስትደርስ ተዋት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እደውልልሃለሁ። በእናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ካላነሳህልኝ አልቀየምህም፣ የሚቀጥለው እሁድ ደግሜ እደውላለሁ።

ወንድምህ፣ ከናሽቪል