የጥቁር አሜሪካውያን ውለታ

ለአዘጋጁ፣

አድዋ የጥቁር ሕዝቦች ሁሉ ኩራት መሆኑን በሚመለከት ያወጣችሁት ጽሑፍ የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። ያኮራናቸውን ስንቆጥር የዋሉልንን እንዘነጋለን።

ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 ሲወርረን በኒው ዮርክ የሀርለም ሰፈር ጥቁሮች ለኢትዮጵያ አደባባይ ወጥተዋል። አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥተው ጥቂቶቹን አውሮፕላኖቻችንን ይዘው አገለገሉ፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሰው አብራሪዎችን አሠለጠኑ፤ በ1954 አዲስ አበባ ላይ አረፉ። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ለኢትዮጵያ ድጋፍ የሚያሰባስበውን የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን ሲመሠርቱም ከጎናቸው የቆሙት ራሳቸው መብት የተነፈጉ ጥቁሮች ነበሩ።

ሁለተኛው ውለታ ይበልጥ ይቀርበናል። አፍሪካውያንን በኮታ ያገልል የነበረው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሥርዓት በ1965 የተሻረው የጥቁር አሜሪካውያን የሲቪል መብት (የእኩልነት) ትግል አገሪቱን ባናወጠበት ወቅት ነው። ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ሠርተን የምናድር ብዙዎቻችን የገባነው በዚያ በር ነው። ሆኖም ልጆቻችንን «ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር አትዋሉ» እንላለን። እኔም ብዬ አውቃለሁ፤ አፍሬበታለሁ።

በአሜሪካ የጥቁሮች ታሪክ ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ የአድዋ በዓል የሚውለው ወሩ ባለቀ በሁለተኛው ቀን። ለልጆች አማርኛ የሚያስተምሩ የማኅበረሰብ ማዕከላትና አብያተ ክርስቲያናት በእነዚህ ቀናት አካባቢ አንድ ቅዳሜ ይመድቡ። በሰፈሩ ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን አረጋውያንን ይጋብዙ፤ ልጆቹ ስለ ትግሉ ዘመን ይጠይቁ፣ ስለ አድዋም በተራቸው ይንገሯቸው።

አንድ አባት፣ ከሜሪላንድ