ግልጽ ደብዳቤ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ የኮንግረስ አባላት፦ ቪ ቪዛ ይታደስልን

ክቡራንና ክቡራት፣

ጥያቄዬ አጭር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ቪ ቪዛ የሚባለው የቤተሰብ ቪዛ እንደገና ሥራ ላይ ይዋል። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ ከዜሮ መጻፍ አያስፈልጋችሁም። በሕጉ ውስጥ ያለን አንድ ቀን መለወጥ ይበቃል።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው እንደ እኔ የሚጠብቁ ሰዎች አንብበው እነሱም ተወካዮቻቸውን እንዲጠይቁ ብዬ ነው። እንግሊዝኛው ለየቢሯችሁ ይደርሳል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዲሴምበር 21 ቀን 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ላይፍ አክት የተባለውን ሕግ ፈረሙ። ኮንግረሱ ያኔ የግሪን ካርድ ባለቤቶች ቤተሰብ ለዓመታት ተለያይቶ እንደሚኖር አይቶ ነበር። ስለዚህ ማመልከቻቸው ከገባ 3 ዓመት የሞላቸው ባሎች፣ ሚስቶችና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆች እዚሁ አሜሪካ ገብተው ወረፋቸውን እንዲጠብቁ ፈቀደ። እየሠሩ፣ እየተማሩ፣ ከቤተሰባቸው ጋር ሆነው። ሕጉ ግን እስከዚያው ቀን ድረስ ላመለከቱት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያመለከተ ሰው ወረፋው ደርሶት አልፏል። ቪዛው ዛሬም በሕግ አለ፤ የሚያገኘው ሰው ግን የለም።

እኛ ምን ላይ እንዳለን ልንገራችሁ። ከእኛ ብዙዎቹ በዲቪ የመጣን ነን። አሜሪካ ከመግባቱ በፊት ያገባ ሰው ሚስቱን ይዞ ይመጣል ወይም ያስከትላል። ከገባ በኋላ ካገባ ግን ወረፋ ነው። ብዙው ሰው ደግሞ በነጠላነቱ ይመጣል፤ ሥራ ይይዛል፤ ትንሽ ሲቋቋም አገር ቤት ሄዶ ይዳራል። ሠርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ ያልፋል። ከሥራ የወሰደው ፈቃድ ያልቅና ሙሽራው ብቻውን ከቦሌ ይሸኛል። ከዚያ ቤተሰብ ለማምጣት የሚገባውን ማመልከቻ፣ አይ-130 ፎርም ይሞላል። የሠርግ ፎቶ፣ የሐዋላ ደረሰኝ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የዋትስአፕ ጥሪ ስክሪንሾት ይሰበስባል። ትዳር በፋይል ይያዛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ቪዛ ቡለቲን፣ ማለትም እስከ የትኛው ቀን ያመለከቱ ሰዎች ወረፋ እንደደረሰ የሚነግረውን ወርኃዊ ማስታወቂያ፣ መጠበቅ ነው። በየወሩ “ወጣ ወይ?” እየተባባልን እንደዋወላለን። ቀኑ ትንሽ ወደፊት ከሄደ እልል ነው። አንዳንዴ ጭራሽ ንቅንቅ አይልም። ሲብስ ደግሞ ወደኋላ ይመለሳል። ከጁላይ 2019 እስከ ማርች 2023 ይህ ኤፍ-2-ኤ የሚባለው የእኛ ምድብ፣ የግሪን ካርድ ባለቤቶች ባል፣ ሚስትና ልጆች ያሉበት፣ ወረፋ አልነበረውም። በኤፕሪል 2023 ቀኑ ወደ ሴፕቴምበር 2020 ተመለሰ። “ደርሶናል” ብሎ ቤት የተከራየ፣ አልጋ የገዛ ሰው ነበር።

እኔ ማታ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ። እዚህ ወደ እኩለ ሌሊት ሲሆን ሐዋሳ ይነጋል። መኪና ጋብ ሲል እደውላለሁ። ልጄ ዩኒፎርሙን ለብሶ ደብተሩን ካሜራው ላይ ይለጥፈዋል። በጣም ስለሚያስጠጋው ፊደሉ አይታየኝም። “ራቅ አድርገው” እለዋለሁ፣ ራቅ ያደርገዋል፣ አሁን ደግሞ እጁ ይከልለዋል። እናቱ ከኋላ ምሳ ዕቃውን ትዘጋለች። አንድ ደንበኛ ሲመጣ “አንዴ ቆየኝ” ብዬ ስልኩን ኪሴ ከትቼ መኪናውን ላመጣ እሮጣለሁ። ስመለስ ሰርቪሱ መጥቶ ወስዶታል። የአባትነቴ ሰዓት ይቺ ናት።

“ለጉብኝት ትምጣ” የሚለን አይጠፋም። የጉብኝት ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ወደ አገሩ እንደሚመለስ ማሳመን አለበት። ባሏ አሜሪካ ያለ፣ አይ-130 የገባላት ሴት እንዴት አድርጋ ታሳምን? ያስገባነው ማመልከቻ ራሱ ይመሰክርብናል። “አንተ ሂድና ቆይ” የሚለንም አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከ6 ወር በላይ ውጭ ከቆየ የዜግነት ጊዜው ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ያለ ፈቃድ ከዓመት በላይ ከቆየ ካርዱንም ሊያጣ ይችላል። እሷ መምጣት አትችልም፤ እኔም መቆየት አልችልም።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። በኤች-1ቢ ለሥራ የመጣ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይገባል። ተማሪም እንደዚያው። ደግ ነው፣ ይግቡ፤ ማንም ከቤተሰቡ አይለይ። ግን ለጊዜው የመጣው ከልጆቹ ጋር እራት ሲበላ፣ “ቋሚ ነዋሪ” የተባልነው ለብቻችን መሆናችን ምን ዓይነት ሚዛን ነው? ግብር እንከፍላለን። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ ልጃችን ለውትድርና ጥሪ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። መምረጥ ብቻ አንችልም፤ ለዚህም ይሆናል ድምፃችን ከእናንተ ዘንድ የማይደርሰው።

“ዜጋ ሁንና አምጣት” ይባላል። ለአብዛኞቻችን ይህ 5 ዓመት መጠበቅ ነው፤ ከዚያ ማመልከቻው፣ ፈተናው፣ መሐላው አለ። በዚያ ላይ አንተ ዜጋ ስትሆን በእናቱ ኬዝ ውስጥ ተካቶ የነበረው ልጅ ከዚያ ይወጣና ለብቻው አይ-130 ይፈልጋል። ይህን ሳያውቁ እናቲቱ ስትጠራ ልጁ የቀረባቸው ቤተሰቦች አሉ።

ቁጥር ይጨምራል የሚል ስጋት ካላችሁ፣ ቪ ቪዛ አንድም ግሪን ካርድ አይጨምርም። ለዚህ ምድብ ከመላው ዓለም በዓመት የተመደበው ወደ 88,000 ገደማ ነው፤ እሱ እንዳለ ይቀጥላል። ወረፋውም ያው ወረፋ ነው። የሚለወጠው የሚጠበቅበት ቦታ ብቻ ነው።

የውሸት ጋብቻም ይነሳል። አለ፣ አልክድም። በእሱ የተነሳ የእኛም እውነተኛ ትዳር በጥርጣሬ ይታያል። እንግዲያው ቪዛው አይ-130ው ተመርምሮ ከጸደቀና የደኅንነት ማጣራቱ ካለቀ በኋላ ይሰጥ። በዚህ ቅር የሚለን የለም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ዲሴምበር 21 ቀን 2000 የሚለውን ገደብ የሚያነሳ ረቂቅ አቅርቡ፤ ሌላ ሰው ካቀረበም ስማችሁን አስገቡበት። ሁለተኛ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላይ አንድ ቀን መድቡና አነጋግሩን። ብዙዎቻችን ማታና ቅዳሜ ስለምንሠራ እሑድ ከሰዓት ቢሆን ይመቸናል። ፋይሎቻችንን ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ሚስቱንና ልጁን የሚጠብቅ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ