ትኩስ ሃሊበት ለምን ጠፋ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ሱቃችን የገባ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። "ያ ጠፍጣፋው ዓሣ፣ ሃሊበት፣ የት ሄደ?" እውነት ነው፣ ትኩሱ የለም። ደብቀነውም፣ ለሬስቶራንት አሳልፈን ሸጠነውም አይደለም። ሲያትል ተቀምጦ፣ ወደቡ አፍንጫ ሥር እያለ "አልቋል" መባል እንደሚያናድድ እናውቃለን፤ ያውም በገና ጾም። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እንተወው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃሊበት ሙቀቱን ወራት አላስካና ቤሪንግ ባሕር አካባቢ፣ ብዙም በማይጠልቀው ውሃ ወለል ላይ ተለጥፎ ሲበላ ይከርማል። ጀርባው ጠቆር ያለ ስለሆነ ከአሸዋውና ከጭቃው አይለይም። ብርዱ ሲገባ ግን ከ180 እስከ 500 ሜትር ወደሚጠልቀው ውሃ ወርዶ፣ እዚያ ተሰባስቦ እንቁላሉን ይጥላል። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1923 ተዋውለው በብርዱ ሦስት ወር ሃሊበት ማጥመድ ከለከሉ፤ ያን ጊዜ የተቋቋመው የሃሊበት ማጥመድን የሚከታተል ኮሚሽን ቢሮው እዚሁ ሲያትል ነው። አሁንም ዲሴምበር መጀመሪያ ግድም ይዘጋና ማርች ላይ ይከፈታል።

አንዲት እናት ደግሞ ጭንቅላቱን አይተው "ይሄማ መኪና ገጭቶታል" ብለው መልሰውልናል። አልተገጨም እማማ! ሲፈለፈል እንደማንኛውም ዓሣ ቀጥ ብሎ ይዋኛል፣ ዓይኖቹም ግራና ቀኝ ናቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግራ ዓይኑ ዞሮ ቀኙ አጠገብ ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ በጎኑ ተኝቶ ነው የሚኖረው፣ ወለል የሚነካው ጎኑም ነጭ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። "ግሪንላንድ ሃሊበት" እና "ካሊፎርኒያ ሃሊበት" የሚባሉት ስማቸው ነው እንጂ ወገናቸው ሌላ ነው። ሂፖግሎሰስ የሚባለው እውነተኛው ወገን ሁለት ዓሣ ብቻ ነው ያለው፣ የፓስፊኩና የአትላንቲኩ። የአትላንቲኩ ድሮ ያለ ልክ ተጠምዶ በአሜሪካ በኩል እስካሁን አላገገመም። የግሪንላንዱ መጥፎ ዓሣ ነው አንልም፤ ግን ቅባታምና ለስላሳ ስለሆነ በሃሊበት ዋጋ አትግዙት።

እስከ ማርች በረዶ የሆነውን የፓስፊክ ሃሊበት እንሸጣለን። ከማታው ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት እንጂ ሙቅ ውሃ አታስነኩት። ኮተሌት ስትሠሩም ቶሎ አውጡት፣ ቅባት ስለሌለው ይደርቃል። ለሁዳዴ ትኩሱን የምትፈልጉ ከአሁኑ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ የመጀመሪያው ጭነት ብዙ አይሆንም።